የጭስ መውጫውን አላሳየኋቸውም

የእህቴ መርዶ የደረሰኝ በምድጃዬ ፊት ተንበርክኬ የዓመቱን የመጀመሪያ እሳት ሳቀጣጥል ነው። ጳጉሜን አራት፣ የሩፋኤል ማግስት። በምኖርበት በዚህ ባሕር ማዶ ሰሜን አገር ሰዉ ገና በጋው አላለቀም ይላል፤ ለእኔ ለቆላ ልጅ ግን ጠዋት ጠዋት ጣት የሚያደነዝዝ ብርድ ገብቷል። ጸሎቴን አድርሼ፣ ቀጫጭኑን ፍልጥ ደርድሬ፣ ክብሪቱን እንደጫርሁ ስልኩ ጮኸ። የእናታችን ታናሽ፣ አክስቴ ነበሩ። እናታችን ካረፈች ወዲህ የአገር ቤቱን ወሬ ሁሉ የምሰማው ከእሳቸው ነው፤ እንዲህ በማለዳ ግን ደውለውልኝ አያውቁም።

“ተቀምጠሻል ልጄ?”

“ተንበርክኬያለሁ።”

“እንግዲያው እንዳለሽ ሁኚ። እህትሽን ወሊድ ወሰደብን።”

ክብሪቱ ጣቴ ላይ ደርሶ ጠፋ። ታናሼ ናት፤ እናታችን ያፈራችው እኛን ሁለታችንን ብቻ ነው። ከወለደች ገና አሥራ ሁለት ቀኗ ነበር። ከዚያ በፊት ባለው ቀን አነጋግሬያታለሁ። ጡቷ ሞልቶ፣ በደንብ እየበላች፣ “የልጅቱ አፍንጫ ያንቺን ወጥቷል፤ ግን አይዞን፣ ሲያድግ ይስተካከላል ይላሉ” እያለች ስትስቅብኝ ነበር። ወሊድ እንዲህ የምትስቅ ሴት አስቀምጦ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተመልሶ ይመጣል ብዬ ማመን አቃተኝ። ከእንባዬ በፊት ጥያቄው ቀደመኝ።

“ደም ፈሷት ነበር?”

“ኧረ ምንም።”

“ትኩሳትስ?”

“ምንም። ተኝታ ነው የተገኘችው። ፊቷ ቀላ ብሎ፣ እንደ ሙሽራ አምሮባት።”

“ቤቱ ውስጥ እሳት ነበር?”

“አራስ ቤት እሳት ይጠፋል እንዴ? ከሰል ነበር። ጥሩ የግራር ከሰል፣ ጭስ የሚባል የለውም።”

“በሩስ?”

“ዝናብ ነበር እኮ ልጄ። ዝግ ነው።”

“ከእሷ ጋር ማን ነበር?”

“ማንም። ያቺ እንቁላል የታቀፈችው ዶሮ ብቻ፣ ጥግ ላይ። እሷም ሞታ ተገኘች፤ ለቅሶው አስደንግጧት ይሆናል።”

ይህን የተናገሩት በየዋህነት ነው፤ አውቃለሁ። እኔ ግን እስከ ዛሬ ያቺን ዶሮ ባሰብሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ዶሮ በሰው ለቅሶ አትሞትም። ዶሮዋንም ወሊድ ወሰዳት? አንድ መንደር ሙሉ ሰው ዶሮዋን በእግሯ አንጠልጥሎ ከአጥር ውጭ ሲጥል፣ ይቺ ደግሞ ምን ነካት ብሎ የጠየቀ አንድ አልተገኘም።

እኛ መተማ ቆላ ያደግን ሰዎች ቤት ማሞቅ የሚባል ነገር አናውቅም። ሙቀት የምንሸሸው ነገር ነው። በጋው ሲከር አንገረባችንን፣ ያንን የገመድ አልጋ፣ እያወጣን ደጅ እናድራለን። ሙቀት በእሳት የሚፈለገው ሴት ስትወልድ ብቻ ነው። የአራስ አጥንት ክፍት ነው ይባላል፤ ንፋስ ከገባባት ዕድሜ ልኳን ወገቧን ይዛ ትኖራለች። ስለዚህ ሌላው ሰው ላቡን በሚጠርግበት ቤት እሷ ጋቢ ትደርባለች፤ እግርጌዋ የከሰል ማንደጃ ይቀመጣል። እናቴ ሁለታችንንም ወልዳ የታረሰችው እንዲህ ነው፣ ሽንፋ ወንዝ አጠገብ በነበረው የሽመል፣ የቆላ ቀርከሃ፣ ቤታችን። ያ ቤት ጭቃው በረገፈበት በኩል ጀንበር እየገባች ወለሉን ታዥጎረጉረው ነበር። ዘጋነው ስንል እንኳ አይዘጋም። ስንት ሴት በዚያ ልማድ ታርሳ በሰላም ተነሣች።

እህቴና ባሏ ግን የብሎኬት ቤት ሠሩ፤ ከኮኪት ወጣ ብሎ፣ ከሰሊጥ ማሳቸው ብዙም ሳይርቅ። ግድግዳው የተለሰነ፣ በሩና መስኮቱ ብረት፣ ክዳኑ ቆርቆሮ። ከሰፈራቸው በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ የታረሰች የመጀመሪያዋ ሴት እህቴ ናት። ልማዱ ከሽመል ቤት ወደ ብሎኬት ቤት እንዳለ ገባ፤ ቤቱ መለወጡን ማንም ልብ አላለም። ለአየር የተረፈው በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል ያለ የስንዝር ክፍተት ነበር። አራሷን ያረሷት አማቷ ናቸው። እሳቸው ደግሞ ያንን ክፍተት ዙሪያውን በባዶ የሰሊጥ ማዳበሪያ ጠቅጥቀው ደፈኑት፤ ንፋስ ልጄን እንዳይመታብኝ ብለው።

የሩፋኤል ዕለት ሰዉ ሁሉ ደጅ ነበር። የዚያን ቀን ዝናብ ጠበል ስለሆነ ልጅ አዋቂው እየወጣ ይታጠብበታል። አማቷ የዝናቡን ውሃ በባልዲ ተቀብለው፣ ሕፃኗን ታቅፈው፣ ሞቅ አድርገው ሊያጥቧት ወደ ሽመሉ ማድ ቤት ሄዱ። ከመሄዳቸው በፊት ለእህቴ አዲስ ከሰል ጨመሩላት፤ ክፉ እንዳይቀርባት ማጭዱን ትራስጌዋ አደረጉላት፤ በሩን ጥርቅም አድርገው ዘጉት። ዝናቡ በረታና እዚያው ማድ ቤት ቆዩ። ሲመለሱ በሩን ከፍተው ሁለት እርምጃ እንደገቡ ራሳቸው ዞሮባቸው ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ። ይህንንም ሰው አይቷል። ይህንንም ድንጋጤ አሉት።

እኔ ከሰል በዝግ ቤት ሰው እንደሚገድል ከየት አወቅሁት? ከትምህርት ቤት አይደለም። እዚህ አገር የመጣሁ ሰሞን ቤታቸውን ያከራዩኝ አሮጊት ናቸው ያስተማሩኝ። የብረት ምድጃ ነው፤ በፊት ለፊቱ መስታወት አለው፤ እሳቱ ሲነድ ይታያል። እኔ ገና ሳየው ወደድሁት። እሳቸው ግን ክብሪት ከመስጠታቸው በፊት እጄን ይዘው ወደ ግቢ አወጡኝና ከጣሪያው በላይ የቆመውን የጭስ መውጫ አሳዩኝ። “ቤቱን የምታሞቂው በዚያ ነው” አሉኝ። ጭሱ ካለቀም በኋላ ፍሙ የሚተነፍሰው ሌላ ነገር አለ፤ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሰውን እያሳሳቀ ያስተኛል አሉኝ። ሁለት በጋ የደረቀ እንጨት ካልሆነ አታንጂ፤ አየር የምታስገባዋን መዝጊያ እሳቱ ሳይሞት አትዝጊ፤ አመዱን በብረት ባልዲ ከቤት አርቂ። ግድግዳው ላይ አየሩ ሲመረዝ የሚጮህ ነጭ ሣጥን አለ። በዓመት አንድ ጊዜ ጥቀርሻ የለበሰ ሰው መጥቶ ጣሪያ ላይ ይወጣል፤ ጭስ የሚያልፍበትን መንገድ ያያል፣ ይጠርጋል። የመጀመሪያውን ዓመት ስቄ ነበር፤ ለጭስ መንገድ ጠራጊ የሚቀጥር ሕዝብ ምን ዓይነት ነው ብዬ።

ከሞቷ በፊት በነበረው ጥር ለእህቴ ምድጃዬን በቪዲዮ አሳየኋት። መስኮቱ ላይ በረዶ ተጋግሯል፤ እኔ በቀጭን ቀሚስ ነኝ። “እይልኝ፤ ውጭው በረዶ፣ ውስጡ መተማ” አልኋት።

“አንቺ ሴት፣ ከሙቀት ሸሽተሽ ሄደሽ ሙቀት ተሸክመሽ ትገቢ ጀመር?” ብላ ሳቀችብኝ።

አማቷ ከኋላዋ ብቅ አሉ። “ንፋሱስ በየት ይገባል ልጄ?”

“አይገባም እማማ። ቀዳዳውን ሁሉ ደፍኜዋለሁ” አልኋቸው። በመስኮቱ ጠርዝ የለጠፍሁትን ስፖንጅ በጣቴ እየተጫንሁ አሳየኋቸው። “እንዲህ ካልደፈኑት አይሞቅም።”

“ጎበዝ” አሉኝ።

መስታወቱን አሳየሁ፤ ነበልባሉን አሳየሁ፤ የደረደርሁትን ፍልጥ አሳየሁ። ስልኩን ቀና አድርጌ ቧንቧውን ግን አላሳየሁም። ጥቁር ቧንቧ ምን ያምራል?

መስከረም ላይ ደግሜ ደወልሁ። ለቅሶ ደራሽ ገና አልተቋረጠም ነበር፤ አክስቴ ስልኩን ሁሉም እንዲሰማ አደረጉት። ሴቶቹ አጽናኑኝ። ከመካከላቸው አንዲቱ፣ እኔ እንደምሰማ ረስታ ይሁን እንጃ፣ “የዚች ልጅ እግር እኮ አልቀናም፤ ገና በአሥራ ሁለት ቀኗ እናቷን በላች” አለች። ሌላዋ “ዝም በይ” አለቻት። ዝም በይ ያለቻትም ግን ነገሩ ሐሰት ነው አላለችም።

ነገሬ እዚህ ላይ ነው። እህቴን መመለስ አልችልም። ይቺ ልጅ ግን ገና መናገር ሳትጀምር እናቷን የበላች ተብላ ተሰይማለች። ውሃ ስትቀዳ፣ ትምህርት ቤት ስትሄድ፣ ከጓደኛዋ ስትጣላ ይህ ስም ይከተላታል። ስታገባ ደግሞ እግሯን የሚፈራ አማት ይጠብቃታል። ምን አደረገች? ታጠበች። ሌላ ምንም አላደረገችም።

“ማን ናት እሷ? ስልኩን ስጧት” አልሁ። የወሰደው የለም። በመጨረሻ የእህቴ አማት ተቀበሉት። ድምፃቸው ከልቅሶ ብዛት ተዘግቷል።

“ልጄ፣ አንቺው አይደለሽ ቀዳዳው ካልተደፈነ አይሞቅም ያልሽኝ? ያንቺን ቤት አይቼ ነው እኮ።”

“እማማ፣ የእኔ ምድጃ ጭስ መውጫ አለው። ጣሪያውን ቀዶ የሚወጣ።”

“አላሳየሽንም” አሉኝ። ክፋት አልነበረበትም። እንዲያው እውነቱን ነገሩኝ።

ከዚያ ወዲህ ቁጣዬን ይዤ የምሄድበት ቤት የለኝም። እሳቸውን እንዳልቆጣ፣ ለእሳቸው የተደረገላቸውን ነው ያደረጉት፤ የእኔን ቃል ነው የሰሙት። የንስሐ አባቴ ሳታውቂ ያደረግሽው ነው ብለው አጽናንተውኛል። እኔ ግን ጥንቁቅ ነኝ የምል ሴት ነኝ። ለአመዱ እንኳ የብረት ባልዲ አለኝ።

የማልታገሠው አንድ ነገር ግን አለ፤ የእግዚአብሔር ሥራ ነው ብሎ ነገሩን መዝጋት። ሞትና ሕይወት በእጁ እንደሆነ ከማንም ሳላንስ አምናለሁ። ግን ማዳበሪያውን የጠቀጠቀው እሱ አይደለም። እሱን ከሰል አቀጣጣይ አታድርጉብኝ። የእሱን ሥራ ማየት ከፈለጋችሁ ማድ ቤቱን እዩ። ያን ዝናብ አውርዶ፣ በዚያ ዝናብ ሰበብ ሕፃኗን ከዚያ ቤት አውጥቷታል። እናንተ እግሯ አልቀናም የምትሏት ልጅ ሩፋኤል በእጁ ያወጣት ናት።

ኅዳር ቁስቋም ዕለት ሰማንያ ቀኗ ይሞላል፤ ክርስትና ትነሣለች። ሰሊጡ ተሰብስቦ ሰዉ ሁሉ ይመጣል። እኔ አልደርስም፤ መንገዱም ወረቀቱም አይፈቅድልኝም። ስለዚህ እህቴ የሞተች ዕለት እዚያ የነበራችሁትን እለምናችኋለሁ። አማቷ በሩ ላይ ራሳቸው ዞሮባቸው ሲቀመጡ ያየሽ፣ ተናገሪ። ዶሮዋን አንሥተህ ከአጥር ውጭ የጣልህ፣ ተናገር። ሬሳዋን ልታጥቡ ስትገቡ ጨለመብን ብላችሁ ማዳበሪያውን ከግድግዳው ራስ የነቀላችሁ ሴቶች፣ በእጃችሁ የነቀላችሁትን በአፋችሁም ተናገሩ። ሰው በተሰበሰበበት፣ ካህኑ ባሉበት፣ ልጅቱ በክርስትና እናቷ እቅፍ እያለች፣ እናቷን የገደላት የተዘጋ ቤትና ከሰል ነው በሉ። ማንን እንወቅስ ብላችሁ ከተቸገራችሁ በእኔ ጀምሩ፤ አክስቷ እሳቱን አሳይታን የጭስ መውጫውን አላሳየችንም በሉ። እኔ እሸከመዋለሁ፤ ትልቅ ሴት ነኝ።

ደግሞ ከሰፈሩ የምትወልድ ሌላ አለች ብለውኛል፤ እሷም የብሎኬት ቤት ነው ያላት። እባካችሁ፣ ከመውለዷ በፊት ሄዳችሁ ያችን ስንዝር ቀዳዳ እዩላት። ተደፍና ከሆነ ክፈቱላት።