በሐዘን ፈቃድ ያየናት ከተማ

የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ከአገር ቤት ዘመድ ሊመጣባቸው ሲል እኔን ይጠይቁኛል። እንግዳ ምን ይታይለታል? ከየት ይጀመራል? እኔም አሳምሬ እነግራቸዋለሁ። የከተማችንን ረጅሙን ታወር ጠዋት ውጡ፣ ከሰዓት በኋላ ሰልፉ ያማርራል። ሐይቁ ላይ ወዳለው ደሴት የሚያሻግረውን ጀልባ በሥራ ቀን ያዙ፣ ቅዳሜና እሁድ በሕፃን ጋሪ ይሞላል። ናያግራ ስትሄዱ ቅያሪ ጫማ አትርሱ። ሰዎቹ አገር ማየት የምወድ ሰው እመስላቸዋለሁ። እኔ ግን እነዚህን ቦታዎች ያየሁት በሕይወቴ አንድ ሰሞን ብቻ ነው፤ ያውም እናቴን ይዤ፣ ወንድሜ በሞተ ማግስት።

እናቴ ልትጠይቀኝ የመጣችው ለሁለት ወር ነበር። የምኖረው ፍሌሚንግደን ፓርክ የሚባል ሰፈር ነው፤ ከመስኮቴ ሸለቆውና አውራ ጎዳናው ይታያል። ሥራዬ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሰው ማጠብ፣ ማልበስና ማብላት ነው። ትርፍ ሺፍት አለ ከተባልኩ እምቢ ማለት አልችልበትም። እናም እናቴ ካናዳን ያየቻት በመስኮት ነው። እሁድ እሁድ ቸርች እወስዳታለሁ፣ አንዳንዴ ብሉር ጎዳና ወርደን ሐበሻ ሱቅ እንዞራለን፣ በቃ። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይባል የለ? እኔ ራሴ ስንት ዓመት ኖሬ ታወሩን የማውቀው ከአውቶቡስ ላይ ሆኜ ነበር።

አዲስ አበባ ከሚስቱ ጋር የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ በዚህ ያሾፍብኝ ነበር። እኔና እሱ ሁለት ነን፤ አባታችን ገና ልጆች ሳለን ስለሞተ እናታችን ብቻዋን ነው ያሳደገችን። በቴሌግራም እየደወለ "እማዬን ካናዳ ድረስ ወስደሽ ቆለፍሽባት አይደል?" ይለኛል። ከዚያ እሷን አቅርቢልኝ ይልና፣ ታወሩ አናት ላይ ያለው የመስታወት ወለል ላይ ቆማ ፎቶ ካልላከችለት ስትመለስ ኤርፖርት ወጥቶ እንደማይቀበላት ይዝትባታል። እናቴ ከፍታ ትፈራለች። የእኔ በረንዳ ላይ እንኳ ወጥታ አታውቅም። "ይኼ ልጅ ሊገድለኝ ነው" እያለች ትስቃለች። እኔም አንድ ቀን ፈቃድ ወስጄ አሳይሻለሁ ስላት፣ ቀኑ ሲገፋ መመለሻዋ ደረሰ።

ልትሄድ ጥቂት ቀን ሲቀራት ታላቅ ወንድሟ፣ አጎቴ፣ ሥራ ቦታ ደወለልኝ። ምሳ ብሬክ ላይ ነበርኩ። ሳያቅማማ ነገረኝ። ወንድሜ ከናዝሬት ሲመለስ የተሳፈረበት መኪና ተገልብጦ እዚያው ሕይወቱ አልፏል፤ በማግስቱ ይቀበራል። እህ ብዬ እንኳ ሳልጨርስ ወደ ዋናው ጉዳዩ ገባ። እናትሽ እንዳትሰማ። ደም ግፊት አለባት፤ ለቀብሩም እንደሁ አትደርስም። በባዕድ አገር፣ ዘመድ በሌለበት፣ ይህን ሰምታ ብቻዋን አውሮፕላን ውስጥ ስትንገበገብ ልትመጣ ነው? ቲኬቷ ደርሷል፣ በደህና ትግባ፣ እዚህ ተሰብስበን እናረዳታለን። አብሬያት ልምጣ አልኩት። አብረሻት ከመጣሽማ ወዲያው ትጠረጥራለች፣ አንቺ በኋላ ትመጫለሽ አለኝ። ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት "አንቺ ጠንካራ ነሽ" አለ።

በእኛ አገር መርዶ ወግ አለው። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎችና ጎረቤቶች ተሰባስበው ሄደው በር ያንኳኳሉ። ሐዘንተኛው ገና ፊታቸውን ሲያይ ይገባዋል። ሲወድቅ የሚይዘው እጅ አለ፤ ሲጮህ አብሮት የሚጮህ ሰው አለ። ይህን አጎቴ ከእኔ አብልጦ ያውቃል። ለእህቱ እንደዚያ ሲጠነቀቅላት ግን እኔም የሟች እህት መሆኔ ትዝ አላለውም። የወንድሜን ሞት የነገረኝ እንደ ሥራ ትእዛዝ ነው። የውጭ አገር ሰው ሆድ ድንጋይ ይመስላቸዋል መሰለኝ። ዛሬም ሳስበው ያበግነኛል። ስልኩን ዘግቼ ተመለስኩና አንዲት አሮጊት ሾርባዋን አበላሁ።

አለቃዬ ፊቴን አይታ ምን ሆንሽ ስትለኝ ነገርኳት። የሐዘን ፈቃድ ሞላችልኝና ከቤተሰብሽ ጋር ሁኚ ብላ ላከችኝ። ቤተሰቤ እናቴ ናት፤ እሷ ደግሞ ቤት ተቀምጣ ለወንድሜ የምትወስድለትን ጃኬት አስር ጊዜ እያጣጠፈች ነው። ለመጋቢያችን ደወልኩ። እሱም ሽማግሌዎችን ይዞ ሊመጣ ተነሣ፤ ለመንኩት። ለቅሶ ደራሽ በሬን እንዳያንኳኳ የለመነ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ። እናቴ ከሄደች በኋላ ትመጣላችሁ አልኩ። ቤት ደግሞ ዋይፋይ አለ፤ የእሷ ስልክ የሚሠራው በእሱ ነው። አንድ የሩቅ ዘመድ ፌስቡክ ላይ "ነፍስ ይማር" ብሎ ፎቶውን ቢለጥፍ አለቀልን። ስለዚህ ዋይፋዩ ተበላሽቷል አልኳት፤ ቤት ቁጭ ብላ ደግሞ ይሠራ እንደሆን እንዳትሞክር፣ ጎረቤትም እንዳያገኛት፣ ከቤት ማውጣት ነበረብኝ። የት ልውሰዳት? እንግዳ የሚወሰድበት ቦታ ነዋ።

አለቃዬ ፈቃድ ሰጠችኝ ስላት እናቴ እዚያው ቆማ ሴትዮዋን በጸሎት መረቀቻት።

ታወሩ ሊፍት ውስጥ ዓይኗን ጨፍና ክንዴን እንቅ አድርጋ ያዘችኝ። ላይ ስንደርስ ሐይቁ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል፤ ባሕር ነው እንጂ ይኼ ሐይቅ አይደለም ብላ ተከራከረችኝ። መስታወቱ ወለል ጋ ስንደርስ ቆመች። ሕፃናት ተንጋለውበት ይጫወታሉ። ተይው እማዬ፣ ግድ የለም አልኳት፤ ከልቤ ነበር። ያን ፎቶ ማንሣት አልፈለግኩም። እሷ ግን ጫማዋን አወለቀች። መስታወቱን እንዳልሰብረው ብዬ ነው አለችኝ በኋላ። በካልሲ አንድ እግሯን አሳረፈች፣ ከዚያ ሌላውን፣ ከዚያ ሁለት እጇን ከፍ አድርጋ ሳቀች። ከአጠገባችን የነበሩ ፈረንጆች አጨበጨቡላት። አነሣኋት።

"አሁኑኑ ላኪለት" አለችኝ። "ፈሪ ነሽ ይለኝ የለ!"

አጠገቤ ቆማ እጄን እያየች ነው። ላኩት። እንዲያ ዓይነት ነገር ያደረገ ሰው ካለ ያውቀዋል እንጂ ለሌላው ማስረዳት ይከብደኛል። ወንድሜ ያን ሰዓት ተቀብሯል። እኔ ቴሌግራሙ ላይ የእናታችንን ሳቅ ሰደድኩለት። መልስ ብትጠብቅ ለሥራ መስክ ወጥቷል፣ ኔትወርክ የለም አልኳት። አመነችኝ። ልጇ ዋሽታት አታውቅማ።

በማግስቱ ወደ ደሴቱ ተሻገርን። ጀልባው ላይ የከተማው ፎቆች ወደ ኋላ ሲቀሩ ስልኬን ተቀበለችኝና ቴሌግራሙን ከፈተች። ምልክቱ ምን ማለት እንደሆነ ያስተማራት እሱ ራሱ ነው፤ አንድ ጭረት ከሆነ ገና አልታየም፣ ሁለት ከሆነ ታይቷል። ሁለት ሆኗል።

"አየው!" አለች። "አየው እኮ! አይቶኛል!"

ያየችው ሚስቱ ናት። የሟቹን ስልክ የያዘችው እሷ ነበረች። ሐዘን ቤት ተቀምጣ፣ ጥቁር ለብሳ፣ አማቷ በካልሲ በሰማይ ላይ ቆማ ስትስቅ አይታለች። ያቺ ልጅ ምን ተሰማት ብዬ ሳስብ አጎንብሼ የጀልባውን ዳር ብረት ያዝኩ፤ ደግነቱ ጀልባ ነውና እናቴ ያጥወለወለኝ መሰላት። ዝንጅብል ከረሜላ ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችኝ። ደሴቱ ላይ ሣሩ ላይ ተቀመጥን፤ ዝይዎቹ ሲከቧት ቂጣ ቆርሳ እየወረወረች ስለ ወንድሜ ልጅነት አወራችልኝ። ዶሮ ፈሪ ነበር አለች። አውቃለሁ፣ አብረን ነው ያደግነው ማለት አማረኝ። ከእጇ ቂጣ ተቀብዬ ለዝይዎቹ ወረወርኩ።

ናያግራን ለመጨረሻ ያቆየሁት በእቅድ ነው። ድምፁ ነጎድጓድ ነው ብለውኛል፤ ፍንጣቂው የሁሉንም ፊት ያረጥባል ብለውኛል። እዚያ አለቅሳለሁ አልኩ። እርሜን እዚያ አወጣለሁ፣ ማን ያውቅብኛል? ሦስት ቀን ሙሉ ሆድ ይፍጀው ብዬ የያዝኩትን እዚያ ለመልቀቅ ከጠዋቱ ጀምሮ አውቶቡስ ውስጥ አስቤበት ነበር። የፕላስቲክ ካፖርታችንን ለብሰን ፏፏቴው ሥር ከሚቀርበው ጀልባ ላይ ወጣን። ውሃው እንደ ዝናብ ወረደብን። አሁን አልኩ። እናቴ ግን እጄን ያዘችና ሌላውን እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ጮክ ብላ መጸለይ ጀመረች። በዚያ ጩኸት ውስጥ እኔ ብቻ ነኝ የምሰማት። ሁለት ልጆቼን እስከ ዛሬ የጠበቅህልኝ ጌታ ተመስገን ትላለች። ከዚያ ዞር ብላ አየችኝ።

"አሜን በይ እንጂ።"

አሜን አልኩ። እንባው የት እንደገባ አላውቅም፤ አልመጣም። ፊቴ በሰው አገር ውሃ ርሶ፣ ዓይኔ ደርቆ ተመለስኩ።

ኤርፖርት የሸኘኋት ከአንዲት የቤተ ክርስቲያናችን ሴት ጋር ነው። ሴትየዋ በዚያው አውሮፕላን ነበረች፤ ነገሩን ታውቃለች፤ ከጎኗ እንድትቀመጥ አስተካክለናል። እናቴ ጃኬቱን እንዳይጨማደድ በእጇ ይዛዋለች። አንገቴን አቅፋ ስማኝ ስታበቃ፣ አሁን ፎቶውን ልኬለታለሁ፣ ኤርፖርት ላለመምጣት ሰበብ የለውም አለችኝ። ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ሴትየዋ ከኋላ ሆና ራሷን ነቀነቀችብኝ። በደህና ግቢ አልኳት። መታጠፊያው ጋ ደርሳ ጃኬቱን ከፍ አድርጋ አውለበለበችልኝ።

የተቀበሏት የአጎቴ ልጆች ነበሩ። ልጅሽ ከመስክ አልተመለሰም ብለው አሳደሯት። ሲነጋ በሩ ተንኳኳ። አጎቴ የደወለልኝ ረፋዱ ላይ ነው፤ "ተነግሯታል" አለኝ፤ ሌላ አልጨመረም። በዚያው ቀን የእኔም በር ተንኳኳ። መጋቢው፣ ሽማግሌዎቹ፣ ሴቶቹ፣ ሁሉም መጡ። እግዚአብሔር ያጽናሽ አሉኝ። ሻይ አፈላሁላቸው፣ ወንበር አቀረብኩላቸው፣ አንዷ እንዲያውም ትንሽ ቁጭ በይ አንቺ ልጅ ብላ ተቆጣችኝ። እነሱ የመጡት ሊያጽናኑኝ ነው፤ እኔ ደግሞ የሚጽናና ነገር አላገኘሁም። ሞቱ አሮጌ ሆኖብኛል፤ ሐዘኑ ደግሞ ገና አልጀመረም። ሲወጡ ደረጃው ላይ "ጠንካራ ናት" ሲባባሉ ሰማሁ።

እናቴን ለማነጋገር ደወልኩ፤ አትችልም አሉኝ። በማግስቱም አትችልም። ከዚያም በኋላ። ተቀይማኛለች አልኩ። ምን እንደምትለኝ አውቄ መልስ ሁሉ አዘጋጀሁ። ልጄ አፈር ሲለብስ አንቺ መስታወት ላይ አቁመሽ አሳቅሽኝ ትለኛለች። እኔ ደግሞ ወንድምሽ ነው ያዘዘኝ፣ ለአንቺ ብለን ነው፣ ወጉ ነው እላታለሁ። ክርክሩን ሥራ ስሄድ አውቶቡስ ውስጥ፣ ሰው ሳጥብ፣ ሳህን ሳነሣ አስኬደው ነበር። ሁልጊዜ የምትረታኝ እሷ ነበረች።

አንድ ቀን ራሷ ደወለች። ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳልፈታ ነው። ድምፅዋ ሰልሏል፣ መጀመሪያ አላወቅኳትም። ከጀርባዋ የለቅሶ ደራሾች ጉምጉምታ ይሰማል። ታወሩን አላነሣችም። ፎቶውንም አላነሣችም።

"አንቺን ማን አረዳሽ?" አለችኝ።

አጎቴ ደወለልኝ አልኳት።

"የት ሆነሽ?"

"ሥራ ቦታ።"

"ማን ነበር አብሮሽ?"

ማንም አልኩ። ካዘጋጀሁት መልስ አንዱም አልጠቀመኝም። እኔን ይዛ ታወር የወጣችበትን፣ ጀልባ የተሳፈረችበትን፣ አሜን ያሰኘችበትን ቀን ሁሉ እያሰበችው እንደሆነ በትንፋሿ ገባኝ። ከዚያ ከስልኩ ዞር ብላ ሴቶቹን ዝም እንዲሉላት ለመነች። ቤቱ ጸጥ አለ።

"በይ ቁጭ በይ" አለችኝ።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ተቀመጥኩ አልኳት።

"ልጄ" አለች፤ "ወንድምሽ ሞተብን።"

ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ጮህኩ፤ እናቴም ከወዲያ ማዶ አብራኝ ጮኸች።