ደቦ ያልመጣለት ገብስ

ጥርሴ ቢረግፍም አፍንጫዬ ገና ኮረዳ ናት። ዛሬ ደባርቅ ገበያ ዝናብ የመታው ገብስ ሸተተኝና ቀጥ ብዬ ቆምኩ። የልጅ ልጄ «እምዬ፣ ምን ሆነሻል?» ብትለኝ ነገርኳት።

ልጅ ሳለሁ ዳባት ገጠር ላይ ጥጃው ሁሉ አለቀ። ሰዉ ቤተክርስቲያን ደጅ ተሰብስቦ «ጥጃውን የበላችው ሸክላ ሠሪዋ የሺ ናት፤ ቡዳ ናት፤ ካገር ትውጣ» አለ። አባወራው ሁሉ በየተራ እየተነሳ «ትውጣ» ሲል፣ አባቴ እንደተቀመጠ «ስትበላ አላየሁም። ያላየሁትን አልልም» አለ።

«ነገ አንተን ብትበላህስ?» አሉት አንድ ሽማግሌ።

«እኔን? አጥንት ብቻ ነኝ፤ ጥርሷ ነው የሚሰበር!»

እኔ ብቻ ሳቅሁ።

የሺ በነጋታው ልጇን አዝላ ወጣች። አጨዳ ሲደርስ ለአባቴ ደቦ የመጣ ጎረቤት አልነበረም። ከእናቴ ጋር ብቻቸውን ሲያጭዱ ያለጊዜው ዝናብ ጣለና ገብሱ ማሳው ላይ በሰበሰ።

«እሷ እንደሁ ሄዳለች፤ አንተ አንዲት ቃል ብትል ምን ነበረበት?» ብላ እናቴ አለቀሰች።

አባቴ የጠቆረውን ዛላ በእጁ እያሸ፣ «ብልማ ገብሳችን ይገባ ነበር። እሷ ግን ስትወጣ ደህና ሁን የምትለው ሰው አይኖራትም ነበር» አላት።

ክረምት ሲገባ እህል አለቀብንና ታናሽ ወንድሜ ሞተ። ሰዉ ለቀብሩ መጣ፤ አባቴን ግን «እግዜር ያጥናህ» ያለው የለም። እናቴም ቀና ብላ አላየችው።

«ታዲያ እምዬ፣ ልክ የነበረው ማን ነው?» አለችኝ የልጅ ልጄ።

«አንቺ ወሬኛ፣ ሽንኩርትሽን ግዥ!» አልኳትና፣ ዝናብ ከመታው ገብስ አንድ እፍኝ አንስቼ እንደ አባቴ በእጄ አሸሁት።