ደረቋ ጉብታ

ባሌ ቢሻው ወረታ ላይ ሠላሳ ዓመት መቃብር ቆፍሯል። ሰው ደህና ሲሆን ፊቱን ያዞርበታል፤ ሲሞትበት ግን «ቢሻው የት አለ?» ነው። እኔ ደብሬ የዚህ ሰው ሚስት ነኝ፤ ምስጢሩን ሰባት ዓመት በሆዴ ይዤ ኖሬያለሁ።

በዘጠና ስምንት ነሐሴ ፎገራ ሁሉ ውሃ ሲሆን አንለይ የሚባል ገበሬ ሞተ። ቢሻው የቆፈረለት ጉድጓድ ውሃ ሞላ። በጣሳ ጨለፈው፤ ተመልሶ ሞላ። ሬሳው ደርሷል፣ ዝናቡ ይወርዳል። የቀረችው ደረቅ ቦታ አንዲት ጉብታ ናት፤ እሷም የጎረቤታችን የደሞዝ አባት የተቀበሩባት። እኒያ ሽማግሌና አንለይ ደግሞ በሩዝ ማሳ ድንበር ተጣልተው ሳይታረቁ የቀሩ ባላጋራዎች ናቸው። የሽማግሌውን መቃብር ድንጋይ ዋልካው አፈር ስለዋጠው ከባሌ በቀር ቦታውን ያወቀ የለም። እዚያው ቆፍሮ አንለይን ከባላጋራው ላይ አስተኛው።

ቤት ገብቶ ነገረኝ። «ሰው ውሃ ላይ ጥዬ ልምጣ እንዴ?» አለኝ። «ጉዳችን ፈላ በለኛ» አልኩት።

በሁለት ሺህ አምስት ቦታው መንገድ ሊወጣበት ነው፣ ሁሉም የዘመዱን አፅም ወደ አዲሱ መቃብር ያንሣ ተባለ። ደሞዝ ጠመንጃውን አንግቶ መጣ። የአንለይ ሚስት ወለተ ሐናም ጎረምሶች ልጆቿን አስከትላ መጣች። ባሌ ከዋዜማው ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ የእኛን ዶማ አወጣው። ከጉብታዋ ሁለት የራስ ቅል ወጣ።

«ጋሼ ቢሻው፣ ሁለተኛው የማነው?» አለ ደሞዝ። እጁ ማንገቻው ላይ ነው።

ቢሻው ጉድጓዱ ውስጥ ተንበረከከ። «የአንለይ ነው። እኔ ነኝ ያደረግሁት። ውሃ ላይ ማስተኛት አቃተኝ።»

የአንለይ ልጆች ዱላቸውን አነሡ፣ ደሞዝ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው መሐል ገቡ። አጥንቱ ተደባልቋል፤ የማን የማን እንደሆነ መለየት አልተቻለም። በመጨረሻ ባንድ አቡጀዲ ለቅመው አዲሱ መቃብር ከፍታው ላይ አንድ ላይ ቀበሯቸው።

ሁለቱ ቤቶች በዓመቱ ታረቁ። ባሌን ግን ከዚያ ወዲህ ለቁፋሮ የጠራው የለም። በሁለቱም ቤቶች ቂም ይዤባቸው ነበር፤ አልዋሽም።

ከሁለት ዓመት በኋላ በሐምሌ ቢሻው ሞተ። ከፍታውን ሌሎች ቀድመው ይዘውታልና ዕድርተኛው ከታች ቆፈረለት፤ ውሃ ሞላ። ጨለፉት፤ ሞላ። ሬሳው ዝናብ ላይ ነው፣ እኔም አጠገቡ ቆሜያለሁ። ደሞዝ አካፋ ይዞ ከሰው መሐል ወጣ። ወለተ ሐናን አያት።

«ቆፍር» አለችው።

ወደ ከፍታው ወጥቶ የአባቱንና የአንለይን መቃብር መክፈት ጀመረ።