የሰበታ ሽመላ

ዱርሲቱ ወደዚህ ዓለም ስትመጣም ሁለተኛ ነበረች። መንታ እህቷ ድንቅቱ በሩብ ሰዓት ቀድማት ተወለደችና ተጂ የሚኖሩት ወላጆቿ አዲሱን ቀሚስም፣ የምርቃቱን መጀመሪያም ሁልጊዜ ለታላቂቱ ያደርጉት ነበር። ሩብ ሰዓት ምን ያህል ታላቅነት እንደሚያመጣ እስከ ዛሬ ያስረዳት ሰው የለም። ትምህርት ቤት ገብታ ጦር ውርወራ ጀመረች፤ በክልል ውድድር ሁለተኛ ወጣች፤ በዓመቱ ተመልሳ ሄዳ አሁንም ሁለተኛ ወጣች። ሰበታ በተከራየችው ቤት ሜዳሊያዎቹ ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል፤ እንግዳ ሲመጣ ግን ትገለብጣቸዋለች፤ ደረጃው የተጻፈው ፊታቸው ላይ ነውና።

ማንም ያልቀደማት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ በቤዝቦል። ስፖርት በምታስተምርበት ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት የቆየ አንድ ጃፓናዊ በጎ ፈቃደኛ አገሩ ሲገባ ሣጥን ትቶ ሄደ። ሣጥኑ ውስጥ አሥር የቆዳ ጓንት፣ ሁለት መምቻ ዱላ፣ ጥቂት ኳሶችና ሥዕል የበዛበት ቀጭን መጽሐፍ ነበር። ርእሰ መምህሩ ኦቦ ባጫ ከተሰበሩ ወንበሮች ጋር ሊቆልፉበት ሲሉ ቀማቻቸው ማለት ይቻላል። የመጽሐፉን ፊደል ማንበብ ስላልቻለች ጨዋታውን ከሥዕሉ ተማረችው፤ አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል፣ የመታው ቤዝ ወደሚባሉት ማረፊያዎች ይሮጣል። ወርዋሪው በሥዕሉ ላይ ግራ እግሩን እስከ ደረቱ አንሥቶ ቆሟል። ዱርሲቱም በእርግጥ የቆመ መሰላት፤ ሥዕል አይንቀሳቀስማ። ስለዚህ ልጆቿን እግራቸውን አንሥተው «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ» ብለው ሦስት እስኪቆጥሩ በአንድ እግር አቆመቻቸው፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚወረወረው። ልጆቹ ነገሩን «ሽመላ» አሉት። ሽመላው ደግሞ ሠራ። መቺው መጠበቁ እያቁነጠነጠው ኳሱ ሳይመጣ ዱላውን አየር ላይ ያወናጭፍ ነበር።

መብሩካ የመጣችው ይሄን ሰምታ ነው። የቡራዩ ነጋዴዎች ልጅ ናት፤ ከዱርሲቱ ጋር በመምህራን ኮሌጅ አንድ ዶርም ኖረዋል። ሳቂታ፣ ከሰው ጋር ለመግባባት አምስት ደቂቃ የማይፈጅባት ሴት ናት። አንድ ከሰዓት በኋላ ሰበታ ሜዳ ላይ ሽመላውን ተማረች፤ ሁለት ወር ሳይሞላ ቡራዩ ላይ ማሊያ የለበሰ ቡድን አቆመች፤ ቀጥላም ሱሉልታ ሄዳ ሌላ ቡድን መሠረተች። አንድ ቀን ዱርሲቱ ታክሲ ውስጥ ተቀምጣ ሳለ ሬዲዮኑ «በአካባቢው ቤዝቦልን ያስፋፋችው መምህርት» ብሎ የመብሩካን ድምፅ አሰማ። ሣጥኑ የእሷ፣ ሽመላው የእሷ፣ ሬዲዮው የመብሩካ። መብሩካ እኮ በዚያው ንግግር የዱርሲቱን ስም ሁለት ጊዜ አንሥታ አመስግናለች፤ ቅናት ግን የራሱ ጆሮ አለው፤ ያንን አልሰማም።

ታኅሣሥ 2008 ላይ ለአሰልጣኞች የአንድ ቀን ሥልጠና አዲስ አበባ ተጠራ። ሰርተፊኬት ያገኘ ሰው ወደፊት ቡድን ይዞ ከአገር ሊወጣ እንደሚችል ደብዳቤው ላይ ተጽፏል። በዚያ ሳምንት ግን ከሰበታ የሚያስወጣ መንገድ አልነበረም። የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን መሬታችንን ሊበላ ነው ብሎ ሕዝቡ ወጥቷል፤ አስፋልቱ ድንጋይ ለብሷል፤ ትምህርት ተዘግቷል። ዱርሲቱ ቱታዋን ለብሳ እስከ ዓለም ገና በእግሯ ሄደች። መንገዱን የዘጉት ወጣቶች ግማሾቹ ተማሪዎቿ ነበሩ፤ «ቲቸር፣ ተኩስ አለ፣ ይመለሱ» ብለው ለመኗት። ተመለሰች። ከተማው ቀብር ላይ ነበር፤ ከክፍሏም ሁለት ልጆች ታስረዋል። ሰው ለልጁና ለመሬቱ ሲያለቅስ እሷ ለሰርተፊኬት ማልቀሷ አሳፈራት፤ ቢሆንም አለቀሰች። መብሩካ በዋዜማው መርካቶ አክስቷ ቤት አድራ ነበርና ሥልጠናውን ተካፈለች።

ግንቦት ላይ ጥሪው መጣ። ካምፓላ ላይ ዕድሜያቸው ከአሥራ አምስት ዓመት በታች ለሆኑ ታዳጊዎች ዓለም አቀፍ የቤዝቦል ሻምፒዮና ይደረጋል፤ ከሦስቱ ከተሞች ልጆች ተመርጠው አንድ ቡድን ይሆናሉ፤ አብሮ የሚሄደው አሰልጣኝ አንድ ነው፤ እሱም ሰርተፊኬት ያለው። ዋና ወርዋሪ ሆኖ የተመረጠው ገመቺስ ነበር፤ ዱርሲቱ ከአሥር ዓመቱ ጀምራ እጁን ይዛ ያሳደገችው የሰበታ ተማሪዋ። መብሩካ ዜናውን ይዛ ስትመጣ አቅፋ ሳመቻት። ዱርሲቱ «እንኳን ደስ አለሽ» አለች፤ ቃሉ በጥርሷ መሃል ተጨምቆ ነው የወጣው። ልጄንም ወሰደችው ብላ አሰበች።

ሰኔ ላይ ጀሞ የሚኖር ዘመዷን ልትጠይቅ ሄደች። ቤቱ ኢንተርኔት ነበረውና የታዳጊዎች ቤዝቦል ጨዋታ ከፍታ አየች። የትኛውም ወርዋሪ በአንድ እግሩ አይቆምም። እግር ይነሣል፣ ክንድ ይከተላል፣ ኳሱ ይሄዳል፤ ሁሉም አንድ እንቅስቃሴ ነው። አንዱ ልጅ መሃል ላይ ለቅጽበት ሲያመነታ ዳኛው እጁን አንሥቶ አስቆመው። ደንቡን ፈልጋ አነበበች፤ ቤዝ ላይ የተጋጣሚ ሯጭ እያለ ወርዋሪው እግሩን አንሥቶ ከቆመ፣ ሯጩ በነጻ ወደሚቀጥለው ቤዝ ያልፋል። ሦስት ዓመት ሙሉ በኩራት ያስተማረችው ሽመላ ጥፋት ነበር።

መብሩካ ጋ መደወል የሁለት ደቂቃ ነገር ነው። ዱርሲቱ ነገ እደውላለሁ እያለች ሐምሌን ጨረሰችው። ሰርተፊኬቷ ያስተምራታ፣ ትል ነበር ለራሷ። ይባስ ብሎ ሌላ ሐሳብ መጣባት፤ መንገድ እንደገና ተዘግቶ መብሩካ ከቡራዩ መውጣት ቢያቅታት፣ ወይም ብትታመም፣ በምትኳ የሚጠራው ማን ነው? ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ ባሕር ዛፉ ሥር፣ ትክክለኛውን ውርወራ ለብቻዋ ተለማመደች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ግንዱን በኳስ ደበደበችው። ክንዷ የጦር ወርዋሪ ክንድ ነው፤ ቶሎ ገባው።

ነሐሴ ላይ ሁከቱ አገረሸ፤ ኢንተርኔትም ተቋረጠ። ቡድኑ ሊሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው መብሩካ ደወለች።

«ዱርሲ፣ ወላሂ ፈርቻለሁ» አለች። «ሥልጠናው ላይ እኮ ኳስ አልነካንም፤ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠን ነው የዋልነው። አሁን ደግሞ ኢንተርኔት የለም፣ ምን አይቼ ልማር? የማውቀው አንቺ ያሳየሽኝን ብቻ ነው። የቀረ ነገር ካለ ንገሪኝ።»

ዱርሲቱ በመስኮት ወደ ውጭ ታይ ነበር። አፏን ከፈተች። የመብሩካ ድምፅ ፈርቶም እንኳ የሚወደድ ድምፅ ነበርና መልሳ ዘጋችው።

«የቀረ ነገር የለም» አለች በመጨረሻ። «እንዳሳየሁሽ አድርጊ።»

የካምፓላውን ወሬ በሳምንቱ ኦቦ ባጫ በስልክ ሰምተው ነገሯት። ቡድኑ ሦስት ጨዋታ ተጫውቶ ሦስቱንም ተሸንፏል። ገመቺስ እግሩን አንሥቶ በቆመ ቁጥር ዳኛው እጁን እያነሣ ሯጩን ያሳልፈዋል፤ ልጁ ጥፋቱ ስላልገባው ደግሞ ይቆማል፤ በኋላማ ተጋጣሚዎቹ ከዳር ሆነው አብረውት ይቆጥሩ ጀመር። መብሩካ ከሜዳ አስወጣችው። ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፍቶ አለቀሰ አሉ። ዱርሲቱ ይህን ስትሰማ መጀመሪያ ደስ አላት። መዋሸት አያስፈልግም፤ ደስ አላት፤ መብሩካም ለአንድ ጊዜ መጨረሻ ወጣች። የልጁ ለቅሶ የደረሰባት ኦቦ ባጫ ሄደው፣ ደስታው በርዶ፣ ለብቻዋ ስትቀር ነው።

ጳጉሜ ላይ መንገድ ሲከፈት መብሩካ ገመቺስን ይዛ ሰበታ መጣች። ዱርሲቱ ሜዳው ዳር ሣጥኑን ከፍታ እርጥበት የነካቸውን ጓንቶች ለፀሐይ እያሰጣች ነበር። መብሩካ ከካምፓላ ያመጣችላትን ኮፍያ ሰጠቻት። ልትወቅሰኝ ነው ብላ ዱርሲቱ ራሷን አዘጋጀች፤ መልስም ነበራት። መብሩካ ግን አልወቀሰችም።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። «አንቺ ከሥዕል ያገኘሽውን ሳትሰስቺ አካፈልሽኝ። ወረቀት ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ፤ ማጣራት ነበረብኝ። አላውቅም ነበር፣ ዱርሲ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አንድ ነገር ጨመረች። ዳኛው ገመቺስን «ይህን ማን አስተማረህ?» ብሎ ሲጠይቀው ልጁ «ማንም፣ ከራሴ ነው» ብሎ መልሷል። ደጋግመው ቢጠይቁትም የአስተማሪውን ስም አልሰጠም።

ዱርሲቱ አቀርቅራ ኮፍያውን በእጇ ታዞር ጀመር። መብሩካ ማቀርቀሯን ሐዘን አድርጋ ወሰደችውና ትከሻዋን አቀፈቻት፤ መንገዱ ሳይዘጋ ብላም ወደ አስፋልቱ ወጣች።

ገመቺስ ቀረ። ከሣጥኑ ኳስ አንሥቶ ጥቂት አገላበጠው።

«ቲቸር» አለ፣ «የዚያ አገር ዳኛ ትክክለኛውን አሳይቶኛል። ከባድ አይደለም፤ አለመቆም ብቻ ነው። ላሳይዎት?»

የተናገረው ለትልቅ ሰው «ነጠላዎ መሬት ነካ» እንደሚባለው በጥንቃቄ ነበር። እንዳታፍር ፈርቶላታል። አንድ ጊዜ ዝግ አድርጎ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በፍጥነት አሳያት፤ እግሯን ስታነሣ ክንዷ አብሮ እንዲነሣ፣ ሐሳቧም እንዳይቆም ነገራት። ከዚያ ኳሱን እጇ ላይ አስቀምጦ፣ ጓንቱን አጥልቆ፣ ራቅ ብሎ ቁጢጥ አለ። ቢበላሽም ግድ የለም አላት፤ እሱም መጀመሪያ ቀን አቅቶት ነበር።

ሆን ብላ ማበላሸት ትችል ነበር፤ አስባውም ነበር። ግን ሦስት ሳምንት ባሕር ዛፍ ሲደበድብ የከረመ ክንድ ባለቤቱን አያማክርም። እግሯ ተነሣ፣ ክንዷ ተከተለ፣ ኳሱ ቀጥ ብሎ ሄዶ ጓንቱ መሃል ጧ አለ።

ገመቺስ አልተነሣም። ጓንቱ ውስጥ ያለውን ኳስ አየ፤ እሷን አየ፤ መልሶ ኳሱን አየ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያውቁት?»

ድምፁ ውስጥ ቁጣ ቢኖር ይቀላት ነበር። «ከሰኔ ጀምሮ» አለችው።

ልጁ ጓንቱን አውልቆ ከነኳሱ ሣጥኑ ውስጥ አስገባ፤ ክዳኑንም ቀስ ብሎ ገጠመው። ሁልጊዜ ሲለያት «ነጋቲ፣ ቲቸር» ይላት ነበር። በዚያ ቀን ምንም ሳይል በበሩ ወጣ።

ከአስፋልቱ የታክሲ ረዳት «አየር ጤና፣ አየር ጤና» እያለ ሲጣራ ይሰማል። መብሩካ አሁን መስኮት አጠገብ ተቀምጣለች፤ ከጎኗ ካለው ሰው ጋርም ወሬ ጀምራለች። ዱርሲቱ ቀናችባት። በሬዲዮው አልነበረም፣ በሰርተፊኬቱም በካምፓላም አልነበረም። የቀናችው መብሩካ የሰው ዓይን እያየች «አላውቅም ነበር» ማለት በመቻሏ ነው።