ሐሙስን ለሁለት ሰው የሰጠሁ ጊዜ

ሥራ የጀመርሁት ፍየል ደብተር የበላች ዕለት ነው። የመስኖ ተራ የሚጻፍበት ደብተር ነበር። የመስኖውን ውሃ የሚያከፋፍሉት የውሃ አባታችን ሐጂ ይማም የተረፈውን ሽፋን ይዘው መካነ ሰላም፣ ትልቋ ልጄ ቤት መጡ።

«እትዬ ዘነቡ፣ ፍየል የማይበላው ነገር ይሥሩልኝ» አሉኝ።

የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥሁም። ፊደሉን ከልጅ ልጆቼ ደብተር፣ ፕሮግራም መጻፉን ከልጄ የጽሕፈት ሱቅ ስከርም ነው የለቀምሁት። በአንድ ክረምት ተራ የሚይዝ ፕሮግራም ሠራሁላቸው፤ ተረኛውን በስልክ መልእክት ይጠራል።

ችግሩ፣ እኔ አንድ ቤት መቀመጥ አይሆንልኝም። ልጆቼ ሦስት ናቸው፤ አንዷ መካነ ሰላም፣ አንዷ ከላላ፣ አንዷ አጅባር። አንዷ ጋ ሳምንት ከቆየሁ እግሬን ይበላኛል። በየቤታቸው ኮምፒውተር ስላለ በደረስሁበት እሠራለሁ። ትልቋ ልጄ ታዲያ ጊት የሚባለውን አስተማረችኝ፤ የለወጥሁትን ሁሉ እየመዘገበ የሚይዝ ነው።

«እማ፣ ስትነሺ ፑሽ አድርጊ፤ ሥራሽ ኢንተርኔት ላይ ይቀመጥልሻል። ስትደርሺ ፑል አድርጊ፤ ከዚያ ይወርድልሻል።»

አንድ ማክሰኞ ከላላ ሳለሁ ከመስኖው ገበሬዎች አንዱ፣ ሰይድ ደወለ። ድንቹ ጠውልጎበታል። የሐሙስን ተራ ሰጠሁት። መኪናው ጥሩንባ ሲነፋብኝ ፑሽ ሳላደርግ ወጣሁ። መካነ ሰላም ስገባ እዚያ ያለው ኮምፒውተር ይህን አልሰማም፤ ሐሙስ ባዶ ነው ይላል። ለሌላዋ ገበሬ፣ ለጥሩወርቅ የሽንኩርት ችግኝ ሰጠሁት።

ረቡዕ ሁለቱም የስልካቸውን መልእክት እያሳዩ መጡብኝ። ብደውልላት የከላላዋ ልጄ ኮምፒውተሯን ይዛ ደረሰች። ሁለቱን ላገናኝ ብል ጊቱ አንዱን ምረጪ፣ ሌላውን አጥፊ አለኝ። ያለ ሽማግሌ እንዴት አድርጌ አጠፋለሁ?

ሐሙስ ጠዋት ቦዩ ዳር ሰሌን አንጥፈን ሁለቱን ኮምፒውተሮች አቀረብናቸው።

«ተናገር» አሉት ሐጂ ይማም የከላላውን። አነበብሁላቸው፤ ሐሙስ የሰይድ። የመካነ ሰላሙን አነበብሁ፤ ሐሙስ የጥሩወርቅ።

«የአጅባሩስ?»

«አልሰማም፣ ሐጂ።»

«እንግዲያ ምስክር አይሆንም።»

ይህን ሲሉ የከላላው ባትሪ አለቀና ድርግም አለ።

«ዝም ያለ አምኗል!» አለች ጥሩወርቅ።

«ርቦት ነው እንጂ!» ሰይድ ጮኸ። «የራበውን ማን ይፈርድበታል?»

ሐጂ ይማም ወደ እኔ ዞሩ። «እነዚህ የነገሯቸውን ተናገሩ፤ ጥፋት የለባቸውም። ጥፋቱ የመንገደኛዋ ነው። ከከላላ መጥተው ወሬውን ሳይነግሩት ተቀመጡ።»

የመካነ ሰላሙን ኮምፒውተር ወደ ራሴ ሳብሁ።

«እስከ ቀትር የጥሩወርቅ፣ ከቀትር ወዲያ የሰይድ» ብለው ፈረዱ። ጽፌ፣ በፊታቸው ፑሽ አደረግሁ።

ቀና ስንል ቦዩ ጎድሏል። ውሃው የሚመልሰው ተረኛ አጥቶ ከንጋት ጀምሮ የመኪናውን መንገድ ሲያጠጣ ኖሯል። ሁለቱ ባላጋራዎች አካፋቸውን አንሥተው አብረው ሮጡ።

የሰይድ ድንች ተረፈ። ከጥሩወርቅ ሽንኩርት ሁለት መደብ ደረቀ። እስከ ዛሬ በዚያ ባለፍሁ ቁጥር «እማማ፣ ይኸ የእርስዎ ነው» እያለች ባዶውን መደብ ታሳየኛለች።

አሁን ስደርስ ፑል፣ ስነሣ ፑሽ አደርጋለሁ። መኪናው ጥሩንባውን ይንፋ። ጥሎኝ ቢሄድም ሌላ ይመጣል።