ጋሽ ራጅ ኮምፒውተር ሲመርጡ

እናታቸው ያወጣችላቸው ስም ሌላ ነው፤ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ሆስፒታል ውስጥ የሰው ደረት በራጅ ሲያነሱ ኖረው፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ ሰፈሩ በሙሉ «ጋሽ ራጅ» እንዳላቸው ቀረ። ዘንድሮ ስልሳ ስምንት ሞላቸው። ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው፤ የሒሳብ አስተማሪ ናት፣ አባቷን የማዘዝ ሥልጣን ከየት እንዳገኘች ራሷም አታውቅም። ያን ቅዳሜ ጠዋት ክንዳቸውን ይዛ ኮምፒውተር መሸጫ ስታስገባቸው፣ ጋሽ ራጅ በኮታቸው የውስጥ ኪስ አንድ ሲዲ ደብቀው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅቱ አዲስ ትምህርት ቤት ልትቀጠር ስትል የጤና ምርመራ ታዘዘላትና ደረቷን ተነሣች። ምስሉን በሲዲ ሰጧት፤ እሷም አባቷ ዘንድ ጎራ ባለችበት ጠረጴዛ ላይ ረስታው ሄደች። ጋሽ ራጅ ደግሞ ራጅ አይተው ዝም ብለው ማለፍ አይሆንላቸውም፤ አሮጌው ኮምፒውተራቸው ውስጥ ከተቱት። አጥንቶቿን አዩ፣ ልቧን አዩ፤ ደህና ነው። ቀኝ ሳንባዋ አናት ላይ ግን የሳንቲም ያህል ነጣ ያለ ነገር አለ። ስክሪኑ ደግሞ አምና ከወደቀ ወዲህ ልክ እዚያው አካባቢ ነጭ እድፍ አውጥቷል። የስክሪኑ እድፍ ይሁን የልጃቸው ሳንባ? ምስሉን ወደ ታች ሳብ አድርገው ነጩ ነገር አብሮ ይወርድ እንደሆነ ሊያዩ ማውዙን ሲይዙ ኮምፒውተሩ ጭጭ አለ። ሁለተኛም አልተነሣ። ጠጋኙ ሲዲውን በመርፌ ቆስቁሶ አወጣላቸውና፣ «አባት፣ ይሄን ይቅበሩት» ብሎ አሰናበታቸው።

ከዚያ ወዲህ ስምንት ቀን ሆነ፤ እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም። ሲዲውን ለድሮ ባልደረቦቻቸው ማሳየት ይችሉ ነበር፤ ሁለቴ ሄደው ሁለቴም ከሆስፒታሉ በር ተመለሱ። የራጅ ክፍል ሰው ክፉ ነገር ሲያይ ምንም እንዳላየ መምሰል አለበት፤ ለስንቱ ወጣት ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ያንን ፊት ማየት ፈሩ። ለልጃቸው ሮብ ዕለት «ኮምፒውተሬ ሞተ» ብቻ አሏት። «ቅዳሜ እንገዛለን» አለች ሳታቅማማ። ስልኳን ለመቀየር ሦስት ዓመት ያመነታች ልጅ እንዲህ መቸኮሏ ገርሟቸው ነበር።

«ለአባቴ ቀላል ነገር ነው የምፈልገው» አለችው ሻጩን። «ዜና ያነባል፣ ካርታ ይጫወታል፣ በቪዲዮ ያወራል። ፊደሉ ተለቅ ይበል፣ ካሜራው ጥሩ ይሁን። ከጎኑ ሰው ባይኖርም ብቻውን የሚከፍተው።»

ሻጩ ምላሱ የማያርፍ ጎልማሳ ነው። አንድ ስስ ላፕቶፕ አቀረበና፣ «ይሄንን እንኳን እሳቸው፣ ድመትም ይከፍተዋል» አለ።

ልጅቱ ሳቀች፤ በሳቋ መሀል ሁለቴ ሳለች። አቧራ ነው፣ የሱቁ አቧራ ነው አሉ ጋሽ ራጅ በሆዳቸው። ግን ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ሲዲ የሚገባበት አለው?» ሲሉ ጠየቁ።

«አባት፣ ሲዲ እኮ አፈር ከለበሰ ቆየ።»

«ሲዲ ምን ያደርግልሃል አባዬ?» አለች ልጃቸው።

«ዘፈን እሰማበታለሁ።»

«አንተ? ሬዲዮ ዘፈን ሲጀምር ሮጠህ የምታጠፋው ሰውዬ?»

«አሁን አማረኝ።»

ውሸት አይሆንላቸውም፤ ጆሯቸው ይቀላል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ልጅቱ ሳታወጣጣቸው አትለቃቸውም ነበር። ዛሬ ግን ወደ ሻጩ ዞራ፣ «እሺ፣ ሲዲ ያለው ፈልግልን» አለች። ይሄ የባሰ አስፈራቸው።

ሻጩ ከጓዳ አንድ ወፍራም ላፕቶፕ አቅፎ መጣ። «ይኸው፣ ያገለገለ ነው፤ ሲዲም ይበላል። ሲሸከሙት ወገብዎ እንዳይቀጭ ብቻ።»

«እናቴ፣ ጉሮሮዬ ደርቋል፤ እስቲ ውኃ ግዢልኝ» አሏት። ወጣች።

ሲዲውን ከኪሳቸው አወጡ፤ ሁለቴ ስተው በሦስተኛው አስገቡት። ስክሪኑ ንጹሕ ነው፣ አንድም እድፍ የለበትም። የልጃቸው ደረት ብቅ አለ። ሻጩ ሊቀልድ አፉን ከፍቶ፣ ፊታቸውን ሲያይ መልሶ ገጠመው። ጋሽ ራጅ እንደ ልማዳቸው ከአጥንቱ ጀመሩ። ቀጥሎ ልብ። ግራ ሳንባ፣ ንጹሕ። ቀኙ ላይ ሲደርሱ ዓይናቸው አልታዘዝ አለ፤ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠሉትን ገመዶች ያይ ጀመር። አምላኬ፣ እድፉ ይሁን አሉ። ከዚያ አዩ። እዚያው ነው። ምስሉን ወደ ታች ሳቡት፤ አብሮ ወረደ። ወደ ላይ ገፉት፤ አብሮ ወጣ። የስክሪን እድፍ አልነበረም።

ከኋላቸው አንድ እጅ በትከሻቸው በኩል አለፈና ጣቱን ልክ ነጩ ነገር ላይ አሳረፈ።

«እዚህ ጋ ነው አይደል?» አለች ልጃቸው።

መዞር አልቻሉም።

«ሐኪሙም ያሳየኝ እዚሁ ላይ ነው። ማክሰኞ ደውለው ጠሩኝ። ሰኞ ከሳንባዬ ናሙና ይወስዳሉ፤ ከዚያ ምናልባት ሆስፒታል እተኛለሁ። እዚያ ስሆን በቪዲዮ እንድታየኝ ነው ቀላል ነገር የፈለግኩልህ። አለዚያ በነጋ በጠባ ኮምፒውተሩ እምቢ አለኝ እያልክ ስትጨነቅ ትውላለህ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተስ?»

ሻጩ ወደ ጥግ ሄዶ ባዶ ካርቶኖች ያስተካክል ጀመር።

ጋሽ ራጅ ዕድሜ ልካቸውን ለማያውቁት ሰው ሁሉ «አይዞህ»፣ «አይዞሽ» ሲሉ ኖረዋል፤ ሳያስቡት ነበር የሚወጣቸው። አሁን ቃሉን ፈለጉት፤ አልመጣ አላቸው።

«አባዬ፣ ፈርቻለሁ» አለች።

እጇን ከስክሪኑ ላይ አንስተው በሁለት እጃቸው ያዙት። ቀዝቅዟል፤ ወይም የቀዘቀዘው የእሳቸው ነው።

«እኔም» አሉ።