የዘጋሁት ቦይ

ይህን ነገር ለባሌ አልነገርኩትም። ለነፍስ አባቴም ቁጣዬን፣ ሐሜቴን፣ የሻርኩትን ጾም ስቆጥር ይህችን አንዷን እየዘለልኩ ዓመታት አለፉ። ባሌ ታከለ ካረፈ ሦስተኛ ወሩ ነው። መቀመጥ አልቻልኩም። ተነሥቼ ደጁን አያለሁ፣ እመለሳለሁ፣ ደግሞ እነሣለሁ። እንግዲህ የምታነቡ ሁሉ እወቁት፤ ቦዩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

በደርግ ጊዜ ነው። ከደጋ ወርደን በየኮረብታው ተበታትነን እንኖር የነበርነው ገበሬዎች አንድ መንደር ግቡ ተብለን፣ ከሽንፋ ወዲህ ባለው ሜዳ ላይ አዲስ ቤት ሠራን። ካድሬው ገመድ ወጥሮ ቤቶቹን በመስመር አስተከላቸው። መሬቱ ጥቁር ዋልካ ነው። ታከለ ውሃው የሚወርደው በዚህ በኩል ስለሆነ ቤቶቹ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉ ብሎ ነበር፤ መስመር አይበላሽም ተባለ። ስለዚህ ከእኛ በላይ ያሉት የአምስት ቤቶች የግቢ ውሃ መውረጃው እኛ ግቢ ሆነ።

ታከለ ውሃ ያውቅ ነበር። በቀጥ ያለ እንጨት ላይ ውሃ ያለበት ጠርሙስ አጋድሞ ያስርና የመሬቱን ተዳፋት ይለካል። ዋልካ ውሃ አይጠጣም፣ ያስተኛዋል እንጂ ይል ነበር። ክረምቱ ሳይገባ ከላይኞቹ ቤቶች ጀምሮ፣ የጎረቤታችንን የጥሩነሽን ግቢ አሳልፎ፣ የእኛን ለሁለት ሰንጥቆ፣ እስከ ሸለቆው የሚደርስ ቦይ ቆፈረ። ሰው ሁሉ መረቀው። እኔ አልመረቅሁትም። ቦዩ ያለፈው ባሚያና ቃሪያ ልዘራ ባለሰለስኩት መደብ መሃል ነበር። የሰፈሩ ጭቃ ሁሉ በእኔ ደጅ ሊያልፍ ነው ወይ ብዬ ተጣላሁት።

«ውሃው መንገዱን ይዞ ነው የሚሄድ» አለኝ። «መንገዱ ላይ የተቀመጥነው እኛ ነን።»

በሳምንቱ የገበሬ ማኅበሩ ለሰሊጥ ዘር ዘመቻ ወደ አብደራፊ ላከው። በሄደ በሦስተኛው ቀን፣ ሴቶቹ ውሃ ሊቀዱ ወንዝ ሲወርዱ እኔ ቀረሁ። ሁለት ጆንያ በዋልካ ጓል ሞልቼ፣ ቦዩ ከጥሩነሽ ግቢ ወደ እኛ በሚገባበት ቦታ ደፈንኩት። አፈር መለስኩበት፣ ረገጥኩት፣ እሾህ ጫንኩበት። አጥር ይመስል ነበር። ይህን ያደረገችው እጄ ናት። ማንም አላዘዘኝም።

ምን አስቤ ነበር? በጥሩነሽ ግቢ ያለው መሬት በበጋው ተሰነጣጥቆ ነበር፤ ዱላ ብትሰዱበት እስከ ክንድ ይገባል። ይህ ሁሉ ስንጥቅ የሚመጣውን ውሃ ይጠጣዋል አልኩ። ባሚያዬ እስኪጠና ብቻ ነው አልኩ። እኛ ደገኞች ነን፤ በአገራችን ውሃ ቁልቁል ይሮጣል እንጂ ሜዳ ላይ ተኝቶ አያውቅም። ግን አላውቅም ነበር ብል እዋሻለሁ። የአገሩ ነባር ሽማግሌ ሀጅ አደም እኔው ባለሁበት ለታከለ ነግረውታል። «ይች አፈር በበጋ አፏን ስትከፍት አትመኗት። ጠግባ ስትዘጋ ነው የምትታወቅ» ብለዋል። ሰምቻለሁ። ሰምቼም ዘጋሁ።

የመጀመሪያውን ዝናብ ስንጥቁ ጠጣው። ደስ አለኝ። ሁለተኛውንም ጠጣው። ከዚያ ዋልካው አብጦ ስንጥቁን ገጠመ፣ ግቢው እንደ ሸክላ ሳህን ውሃ ያዘ። ጥሩነሽ ባሏ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶባት አራት ልጆች ይዛ የቀረች ሴት ናት። የዓመት ማሽላዋንና ዘሯን ከድሮ ሰፈሯ አጓጉዛ ግቢዋ ውስጥ በጉድጓድ ቀብራ ነበር። በአጥር ብቅ ብላ ጠየቀችኝ።

«እትዬ አስካል፣ ውሃው እኔ ዘንድ ቆሟል። እናንተ ዘንድስ ይሄዳል?»

«ይዘገያል እንጂ ይሄዳል» አልኳት።

በዚያ ሰዓት አንድ ዶማ ይበቃ ነበር። ለምን አላነሣሁም? ባሚያው በቅሎ ነበር። በማግስቱ ደግሞ ባሚያው ሳይሆን ፍርሃት ነበር፤ ስከፍተው ብታየኝስ እያልኩ። በሦስተኛው ቀን ከፍርሃትም ሌላ ነገር ሆነ፤ ስሙን አላውቀውም። እቤቴ ውስጥ እየተንቆራጠጥኩ ዝናቡ እንዲያባራ ብቻ እጸልይ ነበር። እንዲህ ዓይነት ጸሎት ይሰማል?

ጉድጓዱ መሽተት ጀመረ። ሲከፈት ማሽላው ጠቁሮ፣ ተያይዞ፣ እንደ ጠላ ድፍድፍ ይተነፍስ ነበር። መንደሩ ሁሉ እዚያ ከቦ ሲያለቅስ እኔ በጀርባ ዞሬ ድፍኑን በዶማ ናድኩት። ጆንያዎቹን በሰፈሩ የአመድ ክምር ስር ቀበርኩ። ሰዎቹ ቦዩን ሊያዩ ሲመጡ የደፈነው ነገር አላገኙም፤ ውሃው እየዘገየ ይወርድ ነበር። ስለዚህ ሁሉም አንድ ነገር ተናገሩ፤ ቦዩ ተዳፋት የለውም፣ ታከለ ልኬት ስቶ ነው።

ታከለ ከዘመቻው ሲመለስ ቦዩን ሦስት ጊዜ ለካው። ጠርሙሱን እያገላበጠ፣ እየተንበረከከ፣ ጉንጩን መሬት ላይ አጋድሞ እያየ። እኔ በር ላይ ቆሜ አየሁት። ከዚያ ማኅበሩ ፊት ቆመና «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። ካለን ማሽላ ግማሹን ለጥሩነሽ ተሸክሞ ወሰደላት። እኔን አላማከረኝም፤ እሺ እንደምል አምኖ ነው።

ከዚያ ወዲህ «ታከለ ሽቅብ» የሚል ስም ወጣለት፤ ውሃ ሽቅብ የሚነዳ ማለት ነው። በመንገድ ሲያልፍ «ታኬ፣ ዛሬ ውሃው ዳገቱን ወጣልህ?» ይሉታል። እርሱም «ገና ወገቡ ላይ ደክሞት ተቀምጧል» ይላቸውና አብሮ ይስቃል። ግን ዳግመኛ ለማንም ቦይ አልለካም። ሰው ሲለምነው የተሻለ ሰው ፈልጉ ይል ነበር። ከእርሱ የተሻለ አልነበረም። በየክረምቱ የሰው ግቢ ውሃ ሲያቁር ያይና ምላሱ ላይ የመጣውን ይውጠዋል። ይህን አውቅ ነበር። እህል ይመለሳል፤ የሰው እጅ የሚያውቀውን ሥራ ሲፈራ ግን በምን ይመለሳል?

በልቅሶው ድንኳን ውስጥ እንኳ በፍቅር አነሡት፤ ያ ታከለ ሽቅብ እያሉ። ጥሩነሽ እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። እሁድ እሄድና ይህን ወረቀት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነብላታለሁ። ከዚያ በኋላ የምታደርገኝን ታድርገኝ።

አንድ ነገር ግን ቀርቷል፤ እርሱን ለመጻፍ ነው ይህን ያህል የዞርኩት። ሊያርፍ ሰሞን፣ ደጃችን ባለው ዳስ ጥላ ሥር ተኝቶ፣ እግሩን እያሸሁለት ነበር።

«አስካል» አለኝ። «ያ ቦይ የቱ ላይ ነው የሳትኩት? ሦስት ጊዜ ለካሁት እኮ።»

ማንም አልነበረም። ካድሬ የለም፣ ማኅበር የለም፣ ባሚያም የለም። የምፈራው ነገር አልቀረም ነበር።

«ተወው፣ ማን የማይሳሳት አለ» አልኩት።

«እውነትሽን ነው» አለና ዓይኑን ጨፈነ።

የራሴን ኃጢአት ለእርሱ ይቅር አልኩለት፤ እርሱም አመስግኖ ተቀበለ። የመጀመሪያውን ልጅነት ነበር፣ ንፍገት ነበር ልል እችል ይሆናል። ለዚህኛው ግን ምንም አልልም፤ ይቅር በሉኝም አልላችሁም። በዚህ አገር የምታልፉ ሰዎች ስለ ታከለ ሽቅብ ሲወራ ከሰማችሁ ግን አቋርጣችሁ ተናገሩልኝ። ልኬቱ ትክክል ነበር።